የጣና አፍና የውኃው ተካፋዮች

ከመካነ ሰላም ከተማ ወጥቶ ወደ ደጋው ጠርዝ የሚያቀና መንገደኛ፣ ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ተቆርጣ ወደ ቆላ ስትወርድ ይመለከታል። በዚያ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ዓባይ ቦረናን ከጎጃም ለይቶ ይጓዛል፤ ከላይ በኩል በሽሎ፣ ከታች በኩል ወለቃ የወሎን ደጋ አፈርና ጐርፍ ተሸክመው ይገቡበታል። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰው ይህን ወንዝ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው በወሰንነቱ ነው፤ በክረምት የሚያግድ፣ በበጋ የሚያሻግር የሁለት አገር ደጃፍ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በሽሎም ወለቃም በቀጠኑበት ወራት፣ በሸለቆው ውስጥ ይቆይ የነበረው ውኃ ከወዴት ይመጣ እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው በሩቅ፣ በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ጣና ሐይቅ የክረምቱን ዝናብ ተቀብሎ እንደ ጐተራ ያስቀምጥና በበጋው ወራት በጥቂት በጥቂቱ ለዓባይ ያካፍለው ነበር። ስለዚህ በጣና አፍ ላይ የሚደረገው ሁሉ፣ ሐይቅ በዓይኑ አይቶ ለማያውቀው ለቦረና ገበሬም የራሱ ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የምንፈልገው፣ ስለ ጣና አፍ ከ120 ዓመት በላይ የተደረገው ክርክር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በእነማን መካከል እንደ ተደረገና እነማን ሳይጠየቁ እንደ ቀሩ ነው። ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ሐይቁን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕዝባችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብሎ ይተርታል። ይሁን እንጂ ዓባይ አንድ ማደሪያ አለው፤ እርሱም ጣና ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወደዚህ ሐይቅ ይገባሉ፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን በአንድ አፍ ብቻ ነው። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ እጅግ በጠለቀበት ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። እንግዲህ ጣና ሰፊ ትሪ እንጂ ጥልቅ ጋን አይደለም። ጥልቅ በሆነ ሐይቅ ላይ ውኃው 1 ሜትር ቢቀንስ ዳርቻው ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ በጣና ላይ ግን በተለይ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ በኩል ውኃው ሩቅ ሸሽቶ፣ ትናንት ታንኳ ይቀዘፍበት የነበረው ሥፍራ ዛሬ በሬ የሚጠመድበት ይሆናል።

አንድ ሐይቅ ምን ያህል ከፍ ብሎ ሊቆም ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በብዙ አገር የሰዎችን ጠብ አስነሥቷል። በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ አገር ክሪስቲና የሚባል ጥልቀት የሌለው ሐይቅ አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በስደተኛ ዳክዬዎች ብዛት የታወቀ ነበር። በኋላ ውኃው በግድብ ምክንያት ከፍ አለ፤ ዓሣው በዛ፣ ውኃው ደፈረሰ፣ ዳክዬዎች የሚመገቡት የውኃ ሣር ብርሃን አጥቶ ጠፋ፤ ዳክዬዎቹም ሸሹ። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ1987 እና በ2003 ዓሣውን በመድኃኒት ገድለው ውኃውን አጠሩት፤ ከዚያም በኋላ ሐይቁን በመሳቢያ ዝቅ ወደ ማድረግ ተሻገሩ። ሐይቁ ዝቅ ሲል ወለሉ ፀሐይ ይመታዋል፣ የሣሩ ዘር ይበቅላል፣ ጭቃውን የሚያደፈርሰው ዓሣ በክረምቱ በረዶ ሥር ታፍኖ ይሞታል፣ ወፉም ይመለሳል። እንዲህ ያለ አሳብ በቀረበ ጊዜ ዳክዬ አዳኞች ደስ ሲላቸው፣ በመቃጥን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይቈጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ሐይቁን እንወደዋለን ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

በስዊድን አገር ደግሞ የሆርንቦርጋ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1933 ድረስ 5 ጊዜ ውኃው እንዲወርድ ተደረገ፤ ምክንያቱም ገበሬዎች የእርሻ መሬት ስለ ፈለጉ ነው። የተገኘው መሬት ግን እንደ ተመኙት አልሆነላቸውም፤ ሐይቁም በሸምበቆና በቁጥቋጦ ተወረረ። በመጨረሻ መንግሥት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ውኃውን እንደ ገና ከፍ አደረገው። ውኃን ማውረድ የጥቂት ዓመት ሥራ ሲሆን፣ መመለሱ የብዙ ትውልድ ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

ወደ አገራችን በተመለስን ጊዜ ግን የምናገኘው ጠብ ሌላ መልክ አለው። በእነዚያ አገሮች አዳኙና ዓሣ አጥማጁ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ውኃ የሚወርዱ ሁለት ልዩ ልዩ ወገኖች ናቸው። በጣና ዳር ግን አዳኝና ዓሣ አጥማጅ አንድ ሰው ነበረ። ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳርቻ እየኖሩ ጉማሬ ያድኑ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ከደንገልም ታንኳ ይሠሩ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ሲጸየፏቸው ኖረዋል፤ የቀድሞ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ጉማሬው እያነሰ አደኑም በሕግ እየተከለከለ ሲሄድ፣ የቀራቸው ዓሣውና ደንገሉ ሆነ። ስለ ዳክዬና ስለ ዝይ ደግሞ አብዛኛው ሕዝባችን ስለማይበላቸው ብዙ አዳኝ የላቸውም። ስለዚህ በጣና ላይ ስለ ውኃው ከፍታ የሚነሣው ክርክር የጨዋታ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

ይህ ሕዝብ በዳር ተቀምጦ ሳለ፣ ስለ ሐይቁ አፍ የመጀመሪያው ታላቅ ውል የተጻፈው በሩቅ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል በ3ኛው አንቀጽ፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን ወደ ነጭ ዓባይ እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተደነገገ። እንግሊዞች ያሰቡት በሱዳን ስለሚዘራው ጥጥና ስለ ግብፅ እርሻ ነበር። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቻቸው ወደ ጣና እየመጡ የሐይቁን አፍ ለኩ፤ ድንጋዩን መረመሩ፤ ግድብ ቢሠራ ምን ያህል ውኃ እንደሚከማች አሰሉ።

በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ ከኢትዮጵያ ተሰውረው ደብዳቤ ተለዋወጡ። በደብዳቤውም እንግሊዝ የጣናን ግድብ እንድታገኝ ኢጣልያ ልትረዳት፣ ኢጣልያም የባቡር ሐዲድ ፈቃድና የንግድ ጥቅም እንድታገኝ እንግሊዝ ልትረዳት ተስማሙ። ይህ በተሰማ ጊዜ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለሁለቱም መንግሥታት መቃወሚያ ላኩ፤ ነገሩንም ለመንግሥታት ማኅበር አሰሙ። ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ ከገባች ገና 3 ዓመት አልሞላትም ነበር። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ አሳብ አልነበረንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ። አንድ ታናሽ የተባለ አገር በወረቀትና በሕግ ብቻ ሁለት ኃያላንን ያሳፈረበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ይህ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው።

አልጋ ወራሽም በመቃወም ብቻ አልቀሩም። ግድቡ የሚሠራ ከሆነ ኢትዮጵያ ራስዋ በመረጠችው ኩባንያ ይሠራ ብለው በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ፤ ሐኪሙም ከጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። የኩባንያው ባለሙያዎች በ1923 ዓ.ም. ሐይቁን አጠኑ። ነገር ግን ሥራው ሳይጀመር በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረና ሁሉም ቀረ። በዚያው ዘመን ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ማጆር ቺዝማን የጣናን ደሴቶች እየዞረ ጐበኘ፤ ዓባይንም ተከትሎ እስከ ሱዳን ጠረፍ ሄደ። ከእርሱ በፊት ካርታ ሠሪዎች በግምት ይሥሉት የነበረው የወንዙ መንገድ፣ በቦረና ግርጌ የሚያልፈው ጭምር፣ በእርሱ ልኬት እየታረመ ሄደ።

አንባቢያችን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። በእነዚህ ሁሉ ውሎችና ጥናቶች ውስጥ የተነገረው ስለ ለንደንና ስለ ካይሮ፣ ስለ ካርቱምና ስለ ሮማ ነው። የመንግሥታችን ክርክር ትክክለኛ ነበር፤ የጣና ባለቤት ኢትዮጵያ መሆንዋን አስከብሯል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በሚለው ስም ውስጥ ታንኳ ቀዛፊውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ የደሴቱ መነኩሴም፣ በደንገሉ ዳር ከብቱን የሚያሰማራው ገበሬም ይገኛሉ። የእነርሱ ጥቅም እርስ በርሱ እንዴት እንደሚታረቅ የሚጠይቅበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር። የባዕድ እጅ ከደጃፍ ላይ ከተመለሰ በኋላ፣ የቤቱ ልጆች ድርሻ ሊቈጠር ይገባ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ሥራው እንደ ገና ተነሣ። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት ከመንግሥታችን ጋር ሆኖ የዓባይን ተፋሰስ በሙሉ አጠና፤ ብዙ ጥራዝ ያለው ጽሑፍም አቀረበ። በ1956 ዓ.ም. በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ይህ ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ከሚፈሰው ውኃ ጥቂቱን ተበድሮ ወዲያው ወደ ወንዙ ይመልስ ነበርና ሐይቁን አላወከም። አፉም ሳይዘጋ 30 ዓመት ያህል ቈየ።

በእነዚያ ዓመታት መካከል ግን በሐይቁ ላይ ሌላ ለውጥ መጣ። በ1978 ዓ.ም. በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የማጥመድ ሥራ ተጀመረ። ቀድሞ የታንኳው አጥማጅ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ቀረሶና አምባዛ ይይዝ ነበር፤ የሞተር ጀልባው ግን ወደ መካከልና ወደ ወንዞቹ አፍ ዘለቀ። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ፣ ጠበብት ላቢዮባርበስ የሚሏቸው 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች ያሉበት ሐይቅ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብና በሌሎቹ ወንዞች ወደ ላይ ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ። መረቡ በዚያው ወራት በወንዙ አፍ ላይ ስለ ተዘረጋ፣ በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ4 እጅ 3 እጁ እንደ ጠፋ ባለሙያዎች መስክረዋል።

የሐይቁ አፍ ራሱ የተያዘው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ዳር በታች በጨረጨራ በሮች ያሉት ማገጃ ተሠራ፤ ከ5 ዓመት በኋላም ተጨማሪ በሮች ተከፈቱለት። ዓላማውም የክረምቱን ውኃ አቆይቶ በበጋው ወራት ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ማድረስ ነበር። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያህል የሚሰጠው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጣና ከፍታ በዝናብና በፀሐይ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀረ፤ በር የሚከፍትና የሚዘጋ እጅ ተጨመረበት።

ይህ እጅ የተፈተነው ወዲያውኑ ነው። የ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ አነሰ፤ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ግን አልቀነሰም። በሮቹ ለማመንጫው ውኃ ሲያወርዱ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ ልኬት ከተጀመረ ወዲህም እንዲህ ያለ ዝቅታ አልታየም ነበር። መርከቦቹ ወደ ወደባቸው መድረስ ስላልቻሉ ጉዞ ለጊዜው ተቋረጠ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቀጠነ። ደንገሉ በደረቅ ምድር ላይ ቀረ፤ ገበሬዎች ቈርጠውና አቃጥለው ሐይቁ የለቀቀውን ጥቁር አፈር አረሱት። ያ ደንገል ግን ለታንኳ ሠሪው መሣሪያው፣ ለዓሣው ጫጩት መደበቂያው፣ ለብዙ ዓይነት ወፍም ጐጆው ነበር።

በዚህ ላይ ማንን መውቀስ ይቻላል? ገበሬው ርስቱ ጠቦበት ሳለ ለም መሬት በፊቱ ተዘርግቶ ቢያገኝ ማረሱ ነውር አይሆንበትም። የማመንጫው መሐንዲስ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ ብርሃን እንዳያጣ በሩን ቢከፍት የታዘዘውን ፈጽሟል። በየዓመቱ ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ወደ ፎገራና ወደ ደምቢያ የሚመጡት፣ በፈረንጅ አጠራር ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ደግሞ፣ ውኃው በሸሸበት ጭቃና በታጨደው ማሳ ላይ እህል ይለቅማሉ፤ ማታ ግን ጠላት እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። እንግዲህ ለወፉ እንኳ ውኃው ፈጽሞ ቢሸሽ ጥፋት፣ ፈጽሞ ቢሞላም ጥፋት ነው። ዓሣው ግን ሲሸሽበት ወዲያው ይጐዳል፤ ከዓሣው ጋር አጥማጁ። ሁሉም ውኃውን በተለያየ ወር፣ በተለያየ ከፍታ ይፈልጉታል፤ ጠባቸውም ከክፋት የመነጨ ሳይሆን ከዚህ የመነጨ ነው።

በዚያው በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። የተገባና የዘገየ ሕግ ነበር፤ መረቡን፣ ፈቃዱንና የማጥመጃውን ዘዴ ለመቈጣጠር አስችሏል። ነገር ግን ይህ ሕግ በዋነኛው የሚይዘው አጥማጁን ነው። ሐይቁ በደረቀበት ዓመት አንድ ድሃ አጥማጅ በጠባብ ዓይን መረብ ቢያጠምድ ይቀጣል፤ የሐይቁ አፍ በምን ያህል እንዲከፈት የሚወስነው ጉዳይ ግን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። መረብና በር በአንድ ውኃ ላይ ሳሉ በሁለት መዝገብ መያዛቸው፣ እንደኛ አሳብ፣ የችግሩ ሥር ነው።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ውኃው ከሐይቁ በምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ 460 ሜጋ ዋት የሚሰጡ መሣሪያዎችን ካንቀሳቀሰ በኋላ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። በጥናቱ መሠረት የሚሄደው ውኃ በአማካይ በአንድ ሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም ቀድሞ በሐይቁ አፍ ይወጣ ከነበረው ውኃ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። በለስ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስለ ሆነ፣ ውኃው በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይደርሳል እንጂ ለአገሪቱ አልጠፋም። ነገር ግን በመካከል ያለውን ታላቅ ቅስት ዘሎ ያልፋል። በጢስ ዓባይ፣ በጎጃምና በቤጌምድር መካከል፣ በሳይንትና በቦረና ግርጌ ያልፍ የነበረው የበጋ ውኃ ብዙው ዛሬ በዚያ መንገድ አይሄድም። ጣና ለዓባይ ጠቅላላ ውኃ የሚሰጠው ከ100 እጅ 8 እጅ ያህል ብቻ ነው ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ የክረምቱ ጐርፍ በቈመበት ወራት ግን ለሸለቆው ይህ ጥቂት ብዙ ነበር።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ተዛመተ። ብዙ ሺህ ገበሬዎች በእጃቸው ሊነቅሉት ወደ ውኃው ገብተዋል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የተጠበቁ የሰውና የተፈጥሮ ሥፍራዎች መዝገብ አስገባው። አንዱ የሐይቁን ሕመም፣ ሁለተኛው ክብሩን ያሳያል። ሁለቱም ግን ሐይቁ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ሙያ ንብረት አለመሆኑን ይመሰክራሉ።

እኛ ኤሌክትሪክን የምንቃወም አይደለንም። የገጠር ተማሪ በኩራዝ ጢስ ዓይኑን እያጠፋ እንዲማር የሚፈልግ ሰው የለም፤ በመካነ ሰላምም ሆነ በባሕር ዳር መብራት ይበራ ዘንድ ውኃ መሥራት አለበት። ነገር ግን በ1918 ዓ.ም. አገራችን በዓለም ፊት ያቀረበችው ክርክር ምን እንደ ነበረ እናስታውስ፤ በውኃው ላይ የሚኖረው ባለቤት ሳይጠየቅ ሌሎች ስለ ውኃው ሊዋዋሉ አይገባም የሚል ነበር። ይህ ቃል በባዕዳን ላይ እውነት ከሆነ፣ በራሳችን መካከልም እውነት ነው። እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ መዋዋላቸው በደል ከነበረ፣ በሩን የሚከፍተው ወገንም ታንኳ ቀዛፊውን፣ አጥማጁን፣ ገበሬውን፣ ገዳሙንና በታችኛው ሸለቆ ያለውን የቦረና ሰው ሳይጠይቅ የሐይቁን ከፍታ መወሰኑ የፍርድ ጉድለት አለበት።

መድኃኒቱም ከባድ አይደለም። ሐይቁ ዝናብ ባነሰበት ዓመት እንኳ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል ወሰን በሕግ ይጻፍ፤ ወሰኑም በየወሩ ተለክቶ ለሕዝብ ይነገር። ዓሣው በሚራባበት ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነፃ ይሁን፤ አጥማጁም በዚያ ወራት ቤተሰቡን የሚመግብበት ሌላ ሥራ ይፈለግለት። የደንገሉ ዳርቻ ለማንም የማይታረስ ሆኖ ይከለል፤ መሬቱን የሚለቀው ገበሬም ካሣውን ያግኝ። ወደ ዓባይ ሸለቆም በበጋ የሚለቀቀው ውኃ መጠኑ ይታወቅ። በር የሚከፍተውና መረብ የሚቈጣጠረው በአንድ ጉባኤ ይቀመጡ፤ በጉባኤውም ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሐይቁ ሰው ይናገር።

አባቶቻችን የጣናን አፍ ከባዕድ እጅ ለመጠበቅ ብዙ ደክመዋል፤ ጠብቀውም አስረክበውናል። ከእኛ የሚጠበቀው ውኃውን በተካፋዮቹ መካከል በእውነት ማካፈል ነው፤ ይህም ለመጪው ትውልድ የምናስረክበው የእኛ ድርሻ ይሆናል።